ከዋና መልስ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት

ሐኪሙ «ዋና ይችላሉ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ሌላ ሰው ያነጋገረ መስሎኝ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ክፍሉ ውስጥ ግን ከእኔ ሌላ በሽተኛ አልነበረም። ወጣት ነው። «እርስዎ» እያለ ስለሚያነጋግረኝ ለከተማችን እንግዳ መሆኑ ያስታውቃል፤ ድሬ ላይ ሰው ሁሉ «አንቺ» ነው። የዳሌዬን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ መገጣጠሚያው የቱ ጋ እንዳለቀ በእስክሪብቶው ጫፍ አሳየኝ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ቆሞ መሥራት እንዲህ ያደርጋል አለ። ተቀምጬ የምሠራው ሥራ እንዳለ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት። ረጅም መንገድ መሄድ ይጎዳዋል፣ ተኝቶ መዋል ያደርቀዋል፣ የሚሻለው ውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ ነው አለ። ካልሆነ ብዙም ሳልቆይ ያለ ከዘራ መራመድ አልችልም።

«የት ልዋኝ? ደቻቱ ውስጥ?» አልኩት።

አልሳቀም። ደቻቱን በዝናብ ጊዜ ገና አላየውም መሰለኝ። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን ደግሞ ሰው ይሸሸዋል እንጂ አይዋኝበትም። እዚህ ያደገች የእኔ ዕድሜ ሴት ውሃን የምታውቀው በባልዲና በጄሪካን ነው።

ከዚራ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል ግን መዋኛ ገንዳውን በሳምንት ሦስት ምሽት ለሴቶች ብቻ እንደሚለቅ ሰማሁ። የመግሪብ ሶላት ካለቀ በኋላ ወንዶቹ አስተናጋጆች ሳይቀሩ ይወጣሉ፣ አጥሩ ዙሪያውን በሸራ ይጋረዳል፣ በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ሌላ ሰዓት አልነበረኝም። የምሠራበት ፋብሪካ ሰርቪስ የሚወስደኝ ገና ሳይነጋ ነው፤ የሚመልሰኝም ፀሐይ ስትጠልቅ። ስለዚህ የምዋኘው ማታ መሆኑ ነው።

ውሃው አላስፈራኝም። ያስፈራኝ የእንቅልፌ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ።

ባለቤቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ሠራ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ኋላም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የቀን ሠራተኛ ነኝ፤ የተሰፋውን ሸሚዝ እየገለበጥኩ ስፌቱን አያለሁ። ልጅ አልወለድንም። እኔ ማታ ስገባ እሱ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሁለት ቃል እንነጋገርና ይሄዳል። እሱ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲመለስ እኔ አልጋ ላይ ነኝ። ሰርቪሴ እስኪመጣ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይቀረናል። ትዳራችን በሙሉ ማለት ይቻላል ያለችው በዚያች ሦስት ሩብ ሰዓት ውስጥ ነበር።

የብረት በሩ ሲከፈት እሰማለሁ። ፈጥኖ አይገባም፤ ግቢው ቧንቧ ላይ እጁንና እግሩን ይታጠባል። ፊቱን ግን አይታጠብም ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ቅንድቡና ሽፋሽፍቱ ዱቄት ነው። ያንን በአውራ ጣቴ እጠርግለታለሁ። የምናወራው ምንም አይደለም፤ ማሽን ቆመ፣ ጎረቤት ታመመ፣ ሽንኩርት አልቋል።

አንድ አልጋ ነው ያለን፤ በፈረቃ ነው የምንተኛበት። የድሬ ሙቀት ደግሞ ቀን ላይ ሰው አያስተኛም። ስለዚህ ጠዋት ልወጣ ስል አንሶላውን ሳፋ ውስጥ ነክሬ፣ ጠንክሬ ጨምቄ፣ አራግፌ አልብሰዋለሁ። ከላይ ቬንትሌተሩ ይዞርበታል። እሱም ማታ ከመውጣቱ በፊት የእኔን አንሶላ ነክሮና ጨምቆ ሳፋው ውስጥ ይተውልኛል። ይህን የሚያደርግ ሰው ከተማው ውስጥ ብዙ ነው፤ የእኛ ልዩ የሚሆነው አንዳችን ለሌላችን ማድረጋችን ነው። እሱ ጠንካራ እጅ ነበረው፤ የጨመቀው አንሶላ ጠብታ አይወጣውም። የእኔ ያንጠባጥባል፤ «ዛሬም አጠመቅሽኝ» ይለኝ ነበር።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ አልቆመም። ስገባ ተኝቷል። ሳፋው ባዶ ነው። ፈረቃው ሊያልፍበት ነው ብዬ ልቀሰቅሰው ስነካው አንሶላው ላዩ ላይ ደርቆ እንደ ወረቀት ሆኗል። ልብ ነው አሉ። ተኝቶ ነው የሄደው፤ አልተሠቃየም አሉ። ሰዎች ይህን የሚሉት ለማጽናናት እንደሆነ አውቃለሁ።

ከዚያም በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መንቃቴን አልተውኩም። የሚያነቃኝ ነገር የለም። ዓይኔን ሳልገልጥ፣ ነቅቻለሁም ተኝቻለሁም በማልልበት ቅጽበት፣ እሱ መንገድ ላይ ነው። መሞቱ ገና አልመጣብኝም። ከፋብሪካው ወጥቷል፣ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሯል፣ አሁን በሩን ልሰማ ነው። ለጥቂት ትንፋሽ ያህል እንዲህ ሆኜ እቆያለሁ። ከዚያ ዓይኔ ይከፈታል፣ ነገሩም ይመጣል። ተነሥቼ የቤቱን በር ከፍቼ ግቢውን አያለሁ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ሰርቪስ እጠብቃለሁ። በቀን ውስጥ የእኔ የምለው ያንን ጥቂት ትንፋሽ ብቻ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

እንግዲህ ዋናው እግሬን እንዲያድንልኝ፣ ያንን ሰዓት ግን እንዳይወስድብኝ ነበር የፈለግኩት። ማታ በጊዜ መተኛት፣ በሰዓቴ መንቃት። ብዙ የጠየቅኩ አልመሰለኝም።

መስከረም ውስጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ቀን ቦርሳዬን ይዤ ልወጣ ስል የባለቤቴ ታላቅ እህት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነው።

«የት ነው በዚህ ሰዓት?» አለችኝ።

«ሐኪም ያዘዘልኝ ነው እትዬ። ውሃ ውስጥ ስፖርት።»

«የት ነው ውሃው?»

«ሆቴል። የሴቶች ሰዓት ነው፣ በሸራ ይጋረዳል።»

ምስሩን አስቀመጠች። «የወንድሜ መንፈቅ እንኳ አልወጣም። አንቺ ሸራ ውስጥ ልትንቦጫረቂ ነው?»

«ጥቁር ነው የምለብሰው» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

«እሰይ! ውሃው ሐዘንሽን ይወቅልሽ» አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

አሠልጣኟ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት የሶማሌ ልጅ ናት። በሦስት ቋንቋ ትጮሃለች፤ አማርኛው ሲያልቅባት ኦሮምኛ፣ ኦሮምኛው ሲያልቅባት ሶማሊኛ። ገንዳው ጠርዝ ላይ ቆሜ እግሬን ነክሬ ሳወጣ አየችኝ።

«ሃዬ አባዮ፣ ግቢ እህቴ! ውሃ አይነክስም።»

«ቀዝቃዛ ነው።»

«ቀዝቃዛማ ነው። ሙቀት ከፈለግሽ ቀፊራ ገበያ ሂጂና ቲማቲም ሽጪ!»

ጥጉ ላይ ጨርቅ ነጋዴ የሆነች ወፍራም ሴት እስከ አንገቷ ገብታ ቆማለች። ከላይ እስከ ታች ጥቁር መልበሴን አይታ፣ «አንቺ፣ ይህ ልብስ ቀለም አይለቅም አይደል? ነጭ ሆኜ ገብቼ ጥቁር ሆኜ ብወጣ ባሌ ቤት አያስገባኝም!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። አሠልጣኟ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር በጆሮዋ ነገረቻት። ነጋዴዋ አፏን በእጇ ያዘች። ውሃውን እየገፋች መጥታ፣ «ይቅር በይኝ እህቴ፣ አፌ ነው» አለችኝ። አልተቀየምኩም። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሲቀልድብኝ የመጀመሪያዬ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ጠርዙን ይዤ እግሬን ማራገብ ብቻ ነው የሠራሁት። በሁለተኛው ስፖንጅ ሰሌዳ ሰጡኝ፤ እሱን በሁለት እጄ ይዤ እስከ መሐል እሄድና እመለሳለሁ። ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ መተንፈስ ከሁሉም ከበደኝ። በወሩ መጨረሻ የገንዳውን ወርድ ያለ ሰሌዳ አቋረጥኩ። ዳሌዬ ውሃ ውስጥ ሲሆን የሌላ ሰው ይመስለኛል፤ አይከብድም፣ አያምም። ከደረጃው ስወጣ ክብደቱ እንደገና ይመለሳል፤ ያም ሆኖ ሥራ ላይ ቆሜ መዋል ቀስ በቀስ ቀለለኝ። ሐኪሙ እውነቱን ነበር።

እንቅልፌ ግን ጠፋ።

ቤት ገብቼ ስተኛ ሰውነቴ አልተኛም። ጡንቻዬ ደክሟል፣ ዓይኔ ይቃጠላል፣ ግን የሆነ ነገር ከውስጥ ያንቀጠቅጠኛል። እግሬ በራሱ ይወራጫል። ስድስት ሰዓት፣ ሰባት ሰዓት፣ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ይወስደኛል፤ አሥራ አንድ ሊሆን ሲል ደግሞ እንደ ልማዴ እነቃለሁ። ሦስት ሰዓት እንቅልፍ ማለት ነው። ያቺ ሰዓትም ብትሆን እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ራሴን እያመመኝ ነው የምነቃው፤ እሱ ድልድዩን ሳይሻገር ዓይኔ ይከፈታል።

የማልዋኝባቸው ምሽቶችም ተበላሹ። ሐዘን ነው አልኩ። እስከዚያ ድረስ ሥራና ጉዳይ አስረውኝ ከርመው፣ አሁን ሐዘኑ በደንብ መጣ አልኩ። በተወሰነ ደረጃ ደስ ብሎኝም ነበር ብል ውሸት አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው አጥቼ እንቅልፌን አለማጣቴ ያሳፍረኝ ነበርና።

ጥቅምት ላይ ፋብሪካ ውስጥ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሜ አንቀላፋሁ። ቆሞ መተኛት የሚቻል አይመስለኝም ነበር። ተቆጣጣሪያችን ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፤ አንድ ሸሚዝ ይዛ መጥታ ፊቴ ዘረጋችው።

«ይህን ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ?»

ማኅተሙ የእኔ ነው። «አዎ።»

«እስቲ ግራ እጁን አሳዪኝ።»

አገላበጥኩት። ግራ እጅ የለውም። የቀኙ ተሰፍቶ የግራው ሳይሰፋ አልፏል፤ እኔም ስፌቱን አይቼ ጥሩ ነው ብዬ አትሜበታለሁ። የስፌት መስመሩ ልጆች ሊስቁ ፈልገው ፊቴን አይተው ተዉት።

«እማ፣ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያሽ ነው» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስተኛውን መጻፍ አልፈልግም። ግን እጽፈዋለሁ።»

አምናታለሁ። ሥራው ከሄደ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቤት ውስጥ ነኝ፤ እሱ ቀን ቀን ይተኛበት የነበረው አልጋ አጠገብ።

ገንዳው ውስጥ ስነግራቸው ሁሉም አማካሪ ሆነ። ነጋዴዋ ከሁሉ ቀደመች።

«በርጫ ትቀመጫለሽ እንዴ?»

«ጫት ቀምሼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ግፍ ነው! እኛ ገንዘባችንን ከፍለን የምናጣውን እንቅልፍ አንቺ በነፃ ታጪዋለሽ?»

አሠልጣኟ ግን አልቀለደችም። እንቅልፍ የዋናው ግማሽ ነው አለች። የመጨረሻዎቹን ምልልሶች በቀስታ እንድዋኝ፣ በጀርባዬ ተንሳፍፌ እንድጨርስ፣ ከገንዳ ስወጣ ለብ ባለ ውሃ እንድታጠብ፣ ማታ ሻይ እንድተው፣ ከሾርባ ያለፈ እንዳልበላ አዘዘችኝ። ሁሉንም አደረግኩ። በጀርባዬ ተንሳፍፌ ከሸራው በላይ ያለውን ሰማይ እያየሁ ትንፋሼን ቆጠርኩ። ሻይ ተውኩ። ምንም አልተለወጠም። ኅዳር ገባ፤ አሁንም ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኔ ፈጦ ነው።

አንድ ሐሙስ ምሽት አሠልጣኟ ጠርዙ ላይ አስቀመጠችኝ። ነጋዴዋም ከጎናችን እግሯን ውሃ ውስጥ ትታለች።

«ከዚህ ከወጣሽበት ደቂቃ ጀምረሽ ንገሪኝ። አንድም ሳታስቀሪ።»

«ባጃጅ እይዛለሁ።»

«እሺ።»

«ሾርባዬን እጠጣለሁ፣ አንቺ እንዳልሽው።»

«እሺ።»

«ጸሎቴን አደርሳለሁ። ከዚያ አንሶላዬን እነክርና እተኛለሁ።»

«ምንሽን?»

«አንሶላዬን። ጨምቄ ነው እንጂ እንደወረደ አይደለም።»

ሁለቱ ተያዩ።

«በኅዳር?» አለች ነጋዴዋ። «እኔ ብርድ ልብስ አውጥቻለሁ!»

«ይህን ሁሉ ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆይተሽ ወጥተሽ?» አለች አሠልጣኟ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳባት። «ወላሂ፣ ይህቺ ሴት ዓሣ ልትሆን ነው ያሰበችው!»

ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ፣ ወሬው ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አሠልጣኟ ሳቋን ስትጨርስ ክንዴን ያዘችኝ።

«ስሚኝ አባዮ። አንሶላ የሚነከረው ለጋለ ሰውነት ነው። አንቺ ከዚህ የምትወጪው እንደ ሐብሐብ ቀዝቅዘሽ ነው። ሰውነትሽ ቤት ገብቶ ልሙቅ፣ ልረፍ ሲል ርጥብ ጨርቅ ታለብሽዋለሽ። እንዴት አድርጎ ይተኛ? ሌሊቱን ሙሉ እየተንቀጠቀጠ ነው እኮ!»

«እኛ ቤት ሁልጊዜ ነው የምናደርገው» አልኩ።

«ቤት ውስጥ ተይ የሚልሽ ሰው የለም?» አለች ነጋዴዋ።

«የለም» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ድሮ ኅዳር ሲገባ እናቆም ነበር። አንድ ማታ ስገባ ሳፋው ባዶ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ብርዱ መግባቱን የማውቀው በዚያ ነው። የሚያቆመው እሱ ነበር። ዘንድሮ የሚያቆም ሰው ስላልነበረ እኔ ቀጠልኩ። ወሩን አላየሁትም።

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ስመለስ ያሰብኩት ግን ስለ ወሩ አልነበረም። ሁለት ወር ሙሉ ሐዘን ነው ያልኩት፣ የተከበርኩበት፣ ለእሱ የከፈልኩ የመሰለኝ ነገር ርጥብ ጨርቅ ሆነ። አፈርኩ። የተታለልኩ መሰለኝ፤ ያታለለኝ ግን ራሴ ነኝ።

ወዲያው አላቆምኩም። ይህን ስጽፍ ሞኝነቴ ይታየኛል። ምክንያቱን ካወቅኩ በኋላ ሌላ አንድ ሳምንት እየነከርኩ ተኛሁ። አንሶላውን ስጨምቅ እጄ የሚሠራው የእሱን ሥራ ነው፤ ያንን ከተውኩ በቤቱ ውስጥ ለእሱ የምሠራው ምንም ነገር አይቀረኝም። ግን ተቆጣጣሪዋ በየማለዳው ዓይኔን ታየዋለች። ሦስተኛው ወረቀት ሩቅ አልነበረም።

በአንዱ ማክሰኞ ከዋና ስመለስ አልነከርኩትም። ደረቁን አንሶላ ዘረጋሁ፣ ብርድ ልብስ ደረብኩ፣ ተጋደምኩ። ጸሎቴን ማድረሴን አስታውሳለሁ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የመኪና ጥሩምባ ነው።

ሰርቪሱ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሞ ይጮሃል። ቀሚሴን አጥልቄ፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥኩ፤ መሮጥ መቻሌን እንኳ ልብ አላልኩም። ስገባ ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። «ዛሬስ ማን አስተኛሽ?» አለኝ ሹፌሩ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ፣ የሳቢያንን ሰፈር አለፍን። ከተማው ከኋላችን ሲቀር ነው አሥራ አንድ ሰዓት ማለፉ የገባኝ። አልፎኛል። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን አልፎኝ አያውቅም ነበር።

አንድ ቀን ነው አልኩ፤ ድካም ነው አልኩ። በማግስቱም አለፈኝ፣ በሦስተኛውም። እንቅልፉ ጥልቅ ነው፣ ታች የለውም። ሕልም እንኳ የለበትም። የጥሩምባው ድምፅ ከጨለማ ጎትቶ ያወጣኛል፤ ከመጀመሪያዋ ቅጽበት ጀምሮ ሁሉንም ነገር አውቃለሁ። እሱ መንገድ ላይ የሚሆንበት ክፍተት የለም።

ስልኬን ለአሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ እንዲደውል ሞላሁት። ስልኩ ያነቃኛል፤ ማስጠበቅ ግን አይችልም። ደወሉን አጥፍቼ አልጋው ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፍኜ በሩን አዳምጣለሁ። ማንም እንደማይመጣ እያወቁ ማዳመጥ ማዳመጥ አይደለም። በአራተኛው ቀን ተውኩት።

ሥራ ላይ ግን ሁሉም ደስ አለው። «ፊትሽ ተመለሰ!» አሉኝ። ተቆጣጣሪዋ አንድ ቀን የተበላሸ ኮሌታ ከአምስት ሜትር አይቼ ስላስመለስኩ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። በምሳ ሰዓት ጓደኞቼ እንደታመመ ሰው ሳይሆን እንደ ሰው ያወሩኛል። እኔም እመልሳለሁ፤ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ሰርቪሱ ጎማ። ማንም ምን እንደጎደለብኝ አያውቅም፤ ብነግራቸውም ተኝተሽ ማደርሽ ነው የሚያስለቅስሽ ይሉኛል።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ገንዳውን ተውኩ። ያንን እንቅልፍ ያመጣው ዋናው ከሆነ ዋናውን ስተው ሰዓቴ ይመለሳል ብዬ አሰብኩ። ብርዱ እንዳለ ሆኖ አንሶላዬን እንደገና መንከር ጀመርኩ። ያ ሲያንቀጠቅጠኝ የነበረው ርጥበት እንዲያንቀጠቅጠኝ፣ እንቅልፌን አሳስቶ በሰዓቴ እንዲያነቃኝ ፈለግኩ። ሰውነቴ ግን ትምህርቱን ጨርሷል። በርጥቡ ውስጥ ተኛሁ። አንሶላው ላዬ ላይ እየደረቀ እስከ ጥሩምባው ድረስ ተኛሁ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ዳሌዬ እንደ ድሮው ተያዘ፤ ከሰርቪሱ ለመውረድ የሰው እጅ መያዝ ጀመርኩ። ሰዓቴም አልተመለሰ፣ እግሬም ሄደ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የባለቤቴ እህት ክንዴን ይዛኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የምይዛት ወይስ እሷ ናት የምትይዘኝ ለማለት ያስቸግራል፤ ሁለታችንም እናነክሳለን።

«ያንን የውሃውን ነገር ተውሽው?» አለችኝ።

«ተውኩት እትዬ።»

«ምነው?»

«እንዲሁ። አንቺስ ደስ አላለሽም?»

«ይልቅ ተመለሺበት» አለች። «እንቅልፍ ሰጥቶሽ ነበር።»

«በምን አወቅሽ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በርሽ ሲከፈት እሰማ ነበር» አለች። «ወንድሜ ከሞተ ጀምሮ በየሌሊቱ። ትከፍቺውና ትቆሚያለሽ፣ ከዚያ ትዘጊዋለሽ። እስክትዘጊው አልተኛም። ከእሱ አለመምጣት ይልቅ የአንቺ መቆም ነበር የሚያሳዝነኝ። አሁን ከኅዳር ጀምሮ አልከፈትሽውም። እኔም እተኛለሁ። አግኝቼው የማላውቀውን እንቅልፍ ነው የምተኛው።»

«በየሌሊቱ ትሰሚ ነበር?»

«አንድም ቀን አላመለጠኝም።»

ብቻዬን የምነቃ መስሎኝ ነበር። ለካ በዚያ ሰዓት ሁለት ሆነን ነው የምንጠብቀው፤ እኔ እሱን፣ እሷ እኔን። ይህን ያወቅኩት ሁለታችንም ከተውነው በኋላ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የነቃ ሰው አሁን የለም። ይህን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ያገኘችውን እረፍት እያወራች ነበር፣ ፊቷም ተመልሷል። አልነገርኳትም። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ጥር ውስጥ ወደ ገንዳው ተመለስኩ። ለሌላ ምንም አይደለም፤ እግሬ ነው፣ ሌላ የምሄድበትም የለኝም። አሠልጣኟ «የት ጠፋሽ?» ብላ ትንሽ ተቆጣችኝና ስፖንጅ ሰሌዳውን እንደ ጀማሪ መልሳ ሰጠችኝ። ነጋዴዋ እርጉዝ የሆነች ልጇን አምጥታለች፤ ለእኔ ስታስተዋውቃት «ይህቺ የእኛ ዓሣ ናት» አለቻት። ልጅቱ ምን ለማለት እንደሆነ አልገባትም፤ ማንም አላብራራላትም።

አሁን በሳምንት ሦስት ምሽት እዋኛለሁ። ስድስት ምልልስ ደርሻለሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት በቀስታ፣ ከዚያ በጀርባዬ። ለብ ባለ ውሃ እታጠባለሁ፣ ባጃጅ እይዛለሁ፣ ሾርባዬን እጠጣለሁ። ሦስት ሰዓት ከመሙላቱ በፊት እንቅልፍ ይወስደኛል፣ እስኪነጋም ድረስ አይለቀኝም። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት አይቶኝ በውጤቱ ረክቷል። «እንቅልፍስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በጣም ጥሩ» አልኩት። በወረቀቱ ላይ ጻፈው።